የምግብ ቤት ቅባት በደሴና በኮምቦልቻ፦ የትኛው መያዣ ለማን ይሻላል?

ባለፈው ረመዳን፣ ለመግሪብ አዛን 20 ደቂቃ ሲቀር፣ የእህቴ ምግብ ቤት እቃ ማጠቢያ ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ደጅ ላይ ሳምቡሳ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል። ጓዳ ውስጥ ልጆቹ ውሃውን በባሊ እየቀዱ ወደ ግቢ ይደፋሉ። ወለሉ ያንሸራትታል። አንዷ ልጅ የጋለ ዘይት አጠገብ ልትወድቅ ስትል ለጥቂት ተያዘች።

በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛው መጣና ቱቦውን ቆረጠው። ከውስጡ ክንድ የሚያህል ነጭ ድርቅ ያለ ነገር ተጎትቶ ወጣ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ሻማ ነው» አላት። እውነቱን ነው። ቀልጦ የገባ ዘይትና ሞራ ቱቦው ውስጥ ረግቷል። በላዩ ሌላ እየረጋ ሄዶ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጣት እንኳ አያስገባም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለወራት ስንጠይቅ ከረምን። ቧንቧ ሠራተኞችን፣ ብረት በያጆችን፣ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ሾፌሮችን፣ ሆቴል ያላቸውን ዘመዶች አነጋገርን። ቅባቱን ከውሃው ለይቶ የሚያስቀር መያዣ አማራጩ ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ለሁሉም አይሆንም። እኔ የደረስኩበትን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍቶ የሚያጸዳውን ሰው ምረጡ። ያ ሰው ከሌለ የፈለጋችሁትን መያዣ ብትገዙ ከሁለት ወር በኋላ ተራ ቱቦ ነው የሚሆነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ውሃችሁ ወዴት እንደሚሄድ እወቁ

በትላልቅ የውጭ ከተሞች የሁሉም ቤት ፍሳሽ አንድ የጋራ መስመር ውስጥ ይገባል። ቅባቱም እዚያው ይገናኛል። በፈረንጆቹ 2017 ለንደን ውስጥ፣ ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር ሥር የተገኘው የቅባት ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው። ሠራተኞች ለሳምንታት እየፈለጡ ነው ያወጡት። በእኛ አገር አዲስ አበባ በከፊል ከቃሊቲ ማጣሪያ ጋር የተያያዘ መስመር አላት። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግን የአብዛኛው ምግብ ቤት ውሃ ከሁለት ቦታ ወደ አንዱ ነው የሚሄደው። ወይ ግቢ ውስጥ ወዳለው ሴፕቲክ ታንክ፣ ወይ መንገድ ዳር ወዳለው ቦይ።

ብዙ ሰው የራሱ ውሃ የት እንደሚገባ አያውቅም። እህቴም አታውቅም ነበር። ቀላል መሞከሪያ አለ። ቀይ ሥር ስትቀቅሉ ውሃውን አትድፉት። በአንድ ባሊ ውሃ በጥብጡትና ማጠቢያው ውስጥ ልቀቁት። አንድ ሰው ቦዩ አጠገብ፣ ሌላ ሰው የሴፕቲኩ ክዳን አጠገብ ይቁም። ቀዩ ውሃ ብቅ ያለበት ቦታ መልሱ ነው።

ወደ ሴፕቲክ የሚሄድ ከሆነ ጉዳቱ በቀጥታ ኪሳችሁ ላይ ነው። ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ እየቆየ ይወፍራል። በመጨረሻ ከታንኩ ወጥቶ ውሃው የሚሰርግበትን አፈር ይደፍነዋል። አፈሩ ከተደፈነ ታንኩ የሚተነፍስበት የለም። ስንት ጊዜ ቆይቶ ይጠራ የነበረው የማንሻ መኪና በየወሩ ይጠራል። መኪናው ታንኩን ይመጥጣል እንጂ የተደፈነውን አፈር አይከፍተውም።

ወደ ቦይ የሚሄድ ከሆነ ጉዳቱ የጋራ ነው። ቅባቱ ድንጋዩ ላይ ይረጋል። ፌስታልና የጫት ገረባ ይጣበቅበታል። ነሐሴ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ሲመጣ የጠበበው ቦይ አይችለውም፤ ውሃው የሰው ቤት ይገባል። ያልረጋው ደግሞ ቦርከና ይገባል። ቦርከና ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ጨፋ ይወርዳል። የጨፋ ረግረግ በበጋ ከሩቅ የሚመጡ አርብቶ አደሮች ከብት የሚያጠጡበት ነው። እኛ ፒያሳ ላይ የደፋነው የሳምቡሳ ዘይት መንገዱ ይሄ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያዛል።

ብርዱን አትርሱት

ለሌላ ከተማ የተጻፈ ምክር ለደሴ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። የሚረጋውን የፓልም ዘይት በጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማሟሟት እዚህ አዲስ ነገር አይደለም። የበሬ ሞራ ደግሞ ከፓልሙም ይብሳል፤ በጣም ካልሞቀ አይቀልጥም። ስለዚህ ደሴ ላይ ቅባቱ ከማጠቢያው ብዙ ሳይርቅ፣ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ማጠፊያ ላይ ይረጋል። የኑግ ዘይት አይረጋም። ግን እሱም ይንሳፈፋል፣ ከምግብ ፍርፋሪ ጋር ይለጠፋል። «እኔ የምጠቀመው የማይረጋ ዘይት ነው» ማለት ነፃ አያወጣም።

ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው። ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይቀንሳል፣ አየሩም ይሞቃል። እዚያ ቅባቱ ሳይረጋ ራቅ ብሎ ይጓዛል። መዘጋቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው። አንዳንዴም የሚዘጋው የእናንተ ሳይሆን የጎረቤት ቱቦ ነው። የተጠራቀመው ቅባትም ቶሎ ይበላሻል፣ ይሸታል። በአጭሩ ደሴ ላይ ያለ መያዣ ቅባቱን በደንብ ይይዛል፣ ኮምቦልቻ ላይ ያለው ግን ሰፋ ማለትና ቶሎ ቶሎ መከፈት ይፈልጋል።

ውሃ ከመንካቱ በፊት መጥረግ

ይሄ አማራጭ ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። ሌሎቹን ሁሉ የሚያዋጣቸውም እሱ ነው። ድስቱ፣ መጥበሻውና ሳህኑ ውሃ ከመንካታቸው በፊት ቅባቱ ይጠረጋል። እህቴ ቤት በፕላስቲክ መፋቂያና በቁራጭ ካርቶን ነው የሚጠርጉት። ካርቶኑ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሄዳል። የጥብስ ቤት ብረት ምጣድ ላይ ያለው ሞራ ቀዝቅዞ ሲረጋ በጭልፋ ይነሳል። ፍርፋሪው ማጠቢያው አፍ ላይ ባለ ወንፊት ይያዛል።

የመጥበሻ ዘይት ከቶ ማጠቢያ ማየት የለበትም። ይቀዝቅዝ፣ በወንፊት ይጣራ፣ ክዳን ባለው ጀሪካን ይቀመጥ። ጀሪካኑ ላይ «ያገለገለ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ይወስዱታል፤ ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ተዋህደው ነው የልብስ ሳሙና የሚወጣው። ልምድ የሌለው ሰው ግን ቤቱ አይሞክረው። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ዘይቱን እገዛችኋለሁ» ብሎ የሚመጣውን ሁሉ አትመኑ። የጠቆረ ዘይት አጣርቶ መልሶ ለምግብ የሚሸጥ ሰው እጅ ከገባ የምትጎዱት የራሳችሁን ሰፈር ልጆች ነው። ለምን እንደሚወስደው ጠይቁ፣ የሚሠራበትን ቦታ እዩ።

በቀን ጥቂት ሳህን የምታጥብ ቡና ቤት ወይም ጁስ ቤት ከሆናችሁ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ወንፊትና ጥሩ ልማድ ይበቃል።

ከማጠቢያው ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ሣጥን

አሠራሩ ቀላል ነው። ቅባት ከውሃ ይቀላል። ውሃው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ትንሽ ሲረጋጋ ቅባቱ ከላይ ይቀራል፣ ፍርፋሪው ከታች ይዘቅጣል፣ ከመሃል ያለው የተሻለ ውሃ በማገጃ ሥር አልፎ ይወጣል። ሁሉም ዓይነት መያዣ፣ ትንሹም ትልቁም፣ የሚሠራው በዚሁ ነው። ልዩነቱ ውሃው የሚረጋጋበት ጊዜ ነው።

የትንሿ ሣጥን ጥቅም ቦታ አለመፈለጓ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራች ከሆነ ዕድሜ አላት። ጉዳቷም ትንሽነቷ ነው። እንቁጠረው። 50 በ40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማጠቢያ 60 ሊትር ይይዛል። በብዛት እስከ ሦስት አራተኛው ነው የሚሞላው፤ 45 ሊትር ማለት ነው። መድፈኛው ሲነሳ ይሄ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። ሣጥኗ 30 ሊትር የምትይዝ ከሆነች ውሃው ለመረጋጋት ደቂቃም አያገኝም። ቅባቱን ይዞት ያልፋል። ውሃው ትኩስ ከሆነ ደግሞ ትናንት የያዘችውንም አቅልጦ ይወስደዋል።

ስለዚህ ሣጥኗ የምትሆነው አንድ ማጠቢያ ላለው፣ ጥብሱ ብዙ ላልሆነ ቤት ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ መከፈት አለባት። የምትቀመጠው ጓዳ ውስጥ ስለሆነ ስትከፈት ትሸታለች። ያየኋቸው አንዳንድ ቤቶች ጥሩ ሣጥን ገዝተው ሽታውን ስለጠሉ ጨርሶ አይከፍቷትም። ገንዘቡ የጠፋው እዚያ ነው።

ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ በርሜል

እህቴ የመረጠችው ይሄን ነው። እኔም ለአብዛኛው የደሴ ምግብ ቤት የምመክረው ይሄን ነው። 200 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል፣ ሁለት የፒቪሲ ቲ (በቲ ቅርጽ የተሠራ የቱቦ ማገናኛ)፣ ጥቂት ሜትር ቱቦና ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ ይበቃል። ለ45 ሊትሩ ማጠቢያ ስናሰላው በርሜሉ አራት ሙሌት ይይዛል። ትኩሱ ውሃ ውስጥ ካለው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይገናኛል፣ ይበርዳል፣ ቅባቱ ይለያል። የደሴ ብርድ እዚህ ላይ ወዳጃችን ነው። ጠዋት ክዳኑን ስትከፍቱ ቅባቱን እንደ ቂጣ ረግቶ ከላይ ተንሳፎ ታገኙታላችሁ። በጭልፋ ይነሳል።

ሲሠራ የሚሳሳቱት ቦታ አለ፣ ቆማችሁ እዩት። መውጫው ከመግቢያው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ቲ ይግባ። የመግቢያው ቲ የታች እግር ውሃው ውስጥ ትንሽ ይጥለቅ፤ ውሃው ከላይ እየተወረወረ የረጋውን አይበጥብጠው። የመውጫው ቲ እግር ግን ረዘም ብሎ ከበርሜሉ ወለል አንድ ሦስተኛ ከፍታ ላይ ይድረስ። ያ ነው ቅባቱንም ዝቃጩንም ትቶ የመሃሉን ውሃ የሚያወጣው። የቲዎቹ የላይ አፍ ክፍት ይሁን፤ አየርም ያገኛል፣ ሲዘጋም በእንጨት ይጎረጎራል። አንዳንድ ሠራተኛ ቲውን ትቶ ቱቦውን ብቻ ሰክቶ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ቅባቱ ነው።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት በርሜሉ በንጹህ ውሃ ይሞላ። የሽንት ቤት ውሃ በፍጹም አይቀላቀልበት። ክዳኑ ሕፃን የማያነሳው ይሁን።

ማጽጃ ጊዜውን በዱላ ትለካላችሁ። ዱላውን እስከ ወለሉ አስገቡ። የላዩ ቅባትና የታቹ ዝቃጭ ውፍረት ተደምሮ የውሃውን ጥልቀት ሩብ ከደረሰ ይጸዳል። ከሩብ ካለፈ የሚረጋጋበት ቦታ ስለሚጠብ ቅባቱ ማምለጥ ይጀምራል። እህቴ ቤት በሳምንት አንዴ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። በረመዳን ሁለቴ። የሚነሳው ቅባት በሰጋቱራ ወይም በአመድ ተለውሶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጣል። ቦይ ውስጥ ከተጣለ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጉድለቱን አልደብቅም። ግቢ ይፈልጋል። ማጠቢያው ፎቅ ላይ ከሆነ ቅባቱ በርሜሉ ጋ ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ በተለይ ከ10 ሜትር በላይ ከራቀ። እንደዚህ ላለ ቤት ሣጥኗም በርሜሉም አንድ ላይ ቢሆኑ ይሻላል።

በኮንክሪት የሚሠራ ትልቅ ጉድጓድ

ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤትና ለሠራተኛ መመገቢያ አዳራሽ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ማለት 1,000 ሊትር ነው። የተለመደው መመዘኛ ውሃው ውስጡ ግማሽ ሰዓት እንዲቆይ ነው። ሲካፈል፣ በደቂቃ ወደ 33 ሊትር ያለማቋረጥ የሚለቅ ማዕድ ቤት ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጉድጓዱም ይስፋ። ሁለት ክፍል ቢኖረው ይመረጣል።

የሚጸዳው በማንሻ መኪና ስለሆነ መኪናው ቱቦውን የሚያደርስበት ቦታ መታሰብ ያለበት ከመቆፈሩ በፊት ነው። ሆቴሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መኪና የማይገባበት ጓሮ ላይ የቀረ ጉድጓድ አይቻለሁ። እዚያ ውስጥ ሰው እንዲገባ ማድረግ ደግሞ አይታሰብ። ከሚበሰብስ ቅባት የሚወጣው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገድላል። ሊያወጣው የገባውንም ይዞ ይቀራል። ይሄን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ የዕለት እንጀራ ፈላጊ ወጣቶች ስለሆኑ ነው።

ስለ ፈላ ውሃ፣ ኮስቲክና ዱቄት

አጭር ነው። የፈላ ውሃ ቅባቱን ከእናንተ ቱቦ ወደ ቀጣዩ ያዛውረዋል። ፈሳሽ ሳሙና ይበትነዋል፣ ራቅ ብሎ ግን ተመልሶ ይሰበሰባል። ኮስቲክ የተዘጋውን ለጊዜው ይከፍታል። ቱቦውን የሚከፍተውን ሰው ግን ሊያቃጥል ይችላል። «ቅባት ይበላል» ተብለው የሚሸጡት የባክቴሪያ ዱቄቶች ሙቀት ይፈልጋሉ፤ በደሴ ብርድ ይለግማሉ። ኮምቦልቻ ላይ የተሻለ ሊሠሩ ይችላሉ። ያም ቢሆን መያዣ ላለው ቤት ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሆኑም።

ጋራዥና ላቫጆ ሌላ ነው

የተቃጠለ የሞተር ዘይትና የምግብ ዘይት አንድ ጀሪካን ውስጥ መገናኘት የለባቸውም። ከተቀላቀሉ ሳሙና ሠሪውም አይወስደውም። የሞተር ዘይት ውስጥ ከሞተሩ የተፋቀ ብረት አለ፣ ዘይቱም በቀላሉ አይበሰብስም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከአንድ መኪና የሚወጣ የአንድ ጊዜ ቅያሪ ዘይት ወደ 4 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ንጹህ ውሃ ሊበክል እንደሚችል ይገልጻል። ኮምቦልቻ ደግሞ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚሄዱ ከባድ መኪኖች የሚያልፉባት ከተማ ናት። የአንዱ ከባድ መኪና ቅያሪ ከቤት መኪናው ብዙ እጥፍ ነው።

ለጋራዥ ምርጫው ግልጽ ነው። ዘይቱ ከመኪናው ሥር በሰፊ ሳፋ ይያዝ፣ ጣሪያ ሥር ባለ በርሜል ይጠራቀም፣ ለሚሰበስብ ይሰጥ። የፈሰሰው በሰጋቱራ ይጠረግ እንጂ በውሃ አይታጠብ። ለላቫጆ ግን በርሜል አይበቃም። አሸዋና ጭቃው በአንድ ቀን ይሞላዋል። መጀመሪያ አሸዋው የሚዘቅጥበት፣ ቀጥሎ ዘይቱ የሚንሳፈፍበት፣ መጨረሻ ውሃው የሚወጣበት ባለ ሦስት ክፍል ጉድጓድ ያስፈልጋል። አሸዋው ካልተለየ ምንም ነገር አይሠራም።

ተከራይ ከሆናችሁ

ደሴ ላይ ብዙ ምግብ ቤት ኪራይ ነው። አከራይ ግቢ ከመቆፈሩ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ተከራይም በሰው ግቢ ኮንክሪት ማፍሰስ አይፈልግም። በርሜሉ እዚህም ይረዳል። እህቴ አከራይዋን «ጋሼ፣ ሴፕቲኩን የሚያድንልዎት ነው» ብላ ቀዩን የቀይ ሥር ውሃ አሳየቻቸው። እሳቸውም ቱቦው ግድግዳውን እንዲበሳ ፈቀዱ፣ የቧንቧ ሠራተኛውንም ግማሽ ከፈሉ። በርሜሉ የእሷ እንደሆነና ስትለቅ ይዛው እንደምትሄድ ውሉ ላይ ጽፈዋል። ቀዳዳውን ግን ደፍና ነው የምትሄደው።